ማኅተሙ የተቀደደ ዕለት

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ጫጩት ይላታል። ስሙን ያወጡት የሰፈር ልጆች ናቸው እየተባለ ይወራል፤ እውነቱ ግን መጀመሪያ የጠራት የገዛ ባሏ ነው። አንድ ቀን ምሳው ቢዘገይበት በንዴት ጮኾ ጠራት፣ ጎረቤት ሰማ፣ በዚያው ቀረ። እሷም አልከፋትም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጫጩት ስታስፈለፍል፣ ስታሳድግ፣ ስትሸጥ የኖረች ሴት በሌላ ስም ብትጠራ ነው የሚገርመው።

ዶሮዎቿ የራሷ ነበሩ። ገዝታ ያመጣቻቸው ማለት አይደለም። አክስቷ ካወረሰቻት ስድስት ዶሮዎች ተነስታ፣ ደካማውን እየለየች፣ ብርቱውን ከብርቱ እያገናኘች፣ አንገታቸው ግራጫ፣ እግራቸው ወፍራም፣ ብርድም ሙቀትም እንቁላል የማያስቆማቸው ዶሮዎች አወጣች። ሰው አንዷን መንገድ ላይ ካየ "ይቺ የእትዬ ጫጩት ናት" ይል ነበር። ልጅ አልወለደችም። ይህን የሚያነሳባት ሰው ሲመጣ "እኔ የወለድኩትን ያህል ማን ወለደ?" ብላ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን አንዳንድ ቀን ከጥርሷ አያልፍም ነበር።

ዘንድሮ የወፍ በሽታ ገባ። ከሦስት ሰፈር ማዶ አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ታየ ተባለ፤ በሳምንቱ ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ቤት ለቤት ዞሩ። የእሷ ዶሮዎች አልታመሙም። ትእዛዙ ግን በሽታው የታየበትን ቦታ መሐል አድርጎ በክብ የተሰመረ ነው፣ ክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ይወገዳል፣ አለቀ። ሰባ ሦስት ዶሮ በአንድ ጠዋት። ባሏ ወደ ጓዳ ገብቶ በር ዘጋ። እሷ ቆማ አየች፤ እኔ ካላየሁላቸው ማን ያይላቸዋል ብላ።

ከመጡት ሰዎች መሐል የእንስሳት ሐኪሙ የቆየ ወዳጇ ነበር። እሱ ነው እንቁላል የምታቆይበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተደረደሩትን እንቁላሎች ናሙና ወስዶ ያስመረመረው። በማግስቱ ተመልሶ መጣና መቶ ስልሳ እንቁላል ለይቶ አስቀመጠላት።

"እነዚህ ንጹሕ ናቸው፤ በሽታው ከመግባቱ በፊት የተጣሉ ናቸው" አላት። "ቶሎ አስፈልፍያቸው፤ ከሰነበቱ አይሆኑም። ከእነዚህ ካልወጣ ግን፣ እትዬ፣ ዘሩ እዚህ ላይ አበቃ።"

ችግሩ የሚታቀፋቸው ዶሮ ከየት ይምጣ ነው። በሰፈሩ ክንፍ ያለው ነገር አልቀረም። የቀረው መንገድ ማሽን ነበር። ማስፈልፈያ ማሽን የሚያከራይ አንድ ድርጅት በሁለተኛው ቀን አመጣላት። ቁመቱ የሰው ያህል፣ በሩ መስታወት፣ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ቁጥር የሚያበራ ስክሪን፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ማኅተም።

"ምንም መንካት አይጠበቅብዎትም" አላት ያመጣው ሰው። "ራሱ ያሞቃል፣ ራሱ ያገላብጣል፣ ራሱ ያስባል።"

"ራሱ እንቁላል ይጥላል እንዳትለኝ ብቻ" አለችው።

ባሏ ውሉን ሦስት ጊዜ አነበበው። ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አርባ ዓመት ማኅተም ሲመታ ስለኖረ ማኅተም ያረፈበት ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። አንዱን አንቀጽ ጮክ ብሎ ደገመላት፦ ቀዩን ማኅተም የቀደደ ተከራይ ውሉ ይፈርሳል፣ ማሽኑም ወዲያውኑ ይነሳል። "ሰማሽ አንቺ ሰው? እጅሽን ሰብስቢ" አላት። እሷ እንቁላሎቹን በየመደርደሪያው መደርደሯን ቀጠለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩን ከፍታ አንድ እንቁላል አነሳችና የዓይኗ ቆብ ላይ አሳረፈችው። ይህ የአክስቷ ትምህርት ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እንቁላሉን ቆቡ ላይ አድርጊ፣ መኖሩን ካላወቅሽው ሙቀቱ ልክ ነው፤ ከቀዘቀዘሽ ጨምሪ፣ ከፈጀሽ ቀንሺ። እንቁላሉ ፈጃት። ሌላ አነሳች፤ ያም ፈጃት። ስክሪኑን ቀና ብላ አየች፤ ሰላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ይላል። የሚፈለገው እሱው ነው። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን የትኩሳት መለኪያ አምጥታ በእንቁላሎቹ መሐል አስቀመጠችውና ጥቂት ቆይታ አየችው። ሰላሳ ስምንት ነጥብ ስምንት።

መቀነሻ ካለው ማኅተም ከተለጠፈበት ክዳን ሥር መሆን አለበት። ስለዚህ ደወለች።

መጀመሪያ የተቀዳ ድምፅ "ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው" አላት። ከዚያ ሙዚቃ። ሙዚቃው አንድ ዙር ይጨርስና እንደገና "ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው" ይላታል። አርባ ደቂቃ እንዲህ አስፈላጊ ሆና ቆየች። በመጨረሻ አፍንጫዋ የታፈነ የምትመስል ልጅ አነሳች።

"አስራ ሰባት ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?" እዚያ ቤት ሠራተኛው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠራው።

እትዬ ጫጩት ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ "ስክሪኑ ስንት ይላል እማማ?" አለቻት።

"እሱማ ሰላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ይላል። የሚዋሸው እኮ እሱ ነው!"

"እንግዲያው ማሽኑ ትክክል ነው። በብልሽት የሚመዘገበው ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር ከተዛባ ብቻ ነው።"

"በመለኪያ ለካሁት እያልኩሽ!"

"ያልተፈቀደ መለኪያ ነው እማማ። ይቅርታ። አቤቱታዎን በአጠቃላይ አስተያየት ውስጥ አስገባልዎታለሁ።" ልጅቷ ይሄን ስትል አስነጠሳት። እትዬ ጫጩትም በልማድ "ይማርሽ" አለቻት፤ ኋላ ደግሞ ማለቷ አናደዳት።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ "አቤቱታዎ ተፈትቷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።"

በማግስቱም ደወለች፣ በማግስቱም። ዘጠኝ ቁጥር አነሳች፣ አራት ቁጥር አነሳች፣ ስሟን የሚያስታውስ፣ የትናንቱን የሚያውቅ የለም፤ ሁሌ ከ"ስክሪኑ ስንት ይላል" ይጀምራል። ኃላፊ አቅርቡልኝ ስትል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። አራት ቁጥር፣ ልትመክራት አስባ መሰል፣ "ትንሽ ይታገሱ እማማ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ" አለቻት።

"የኔ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው በሃያ አንድ ቀን ነው" አለች እትዬ ጫጩት። "ካለፈ ደግሞ አይሄድም፣ ይገማል!" ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚያሳፍራት አንድ ነገር አለ፣ ኋላም ከእኔ በቀር ለማንም አላወራችውም። ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ ዓይኗን ተጠራጥራለች። ባሏ "የተማረ ሰው የሠራው ማሽን ካንቺ የዓይን ቆብ ያንሳል?" ሲላት፣ በስልክም ያ ሁሉ ልጅ ተራ በተራ ትክክል ነው ሲላት፣ አረጀሁ እንዴ ብላለች። የትኩሳት መለኪያውንም ተበላሽቶ ይሆናል ብላ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ተረት ለዶሮ ብቻ የተነገረ አይደለም።

በሰባተኛው ቀን መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ የእጅ ባትሪውን በተጠቀለለ ካርቶን ውስጥ አድርጋ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በብርሃን አየች። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጡ በቀይ ክር የተሰፋ ይመስላል። የሞተው ደግሞ ክሩ ተሰብስቦ አንድ የደም ቀለበት ይሆናል። ሃያ ሦስት ቀለበት ቆጠረች። መሬት ላይ እንደተቀመጠች አልነሳም አለች፤ ባሏ መጥቶ በብብቷ ገብቶ አነሳት። ያን ቀን ስለ ማሽኑ እውቀት አልተናገረም።

የማሽኑን በር በቁራጭ እንጨት ገርበብ አድርጋ ብታስተነፍሰው እርጥበቱ ይወርድና ይጮኻል፤ ብትዘጋው ይፋጃል። በአስረኛው ቀን የሞተው ሌላ አርባ ስድስት ደረሰ። የቀረው ዘጠና አንድ ነው። ከሞቱት አንዱን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ድርጅቱ ድረስ ሄደች።

ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ትሑት ሰው ነበር፤ ትሕትናው ግን በር አይከፍትም።

"አቤቱታ በአካል አይስተናገድም እናቴ። በስልክ ነው።"

"ስልኩን የሚያነሱት የት ነው የተቀመጡት?"

"እዚሁ" አለና በአገጩ መስታወቱን አሳያት። እውነትም ከመስታወቱ ወዲያ፣ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሴቶች ልጆች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል።

እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ ደወለች። ጥሪዋ አስፈላጊ መሆኑ ተነገራት። ሙዚቃውን እያዳመጠች ልጆቹን ታያለች፤ አንዷ ውሃ ትጠጣለች፣ አንዷ ጥፍሯን ትሞርዳለች፣ አንዷ ጥግ ላይ የሶፍት ካርቶን ፊቷ አስቀምጣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ባለሶፍቷ እጇን ወደ ቁልፉ ስትዘረጋ እትዬ ጫጩት ጆሮ ውስጥ ሙዚቃው ቆመ።

"አስራ ሰባት ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ቀና በይ" አለቻት።

"አልሰማሁም እማማ?"

"ቀና በይ፣ ወደ በሩ።"

ልጅቷ ቀና አለች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ በጉንፋን የቀላ። እትዬ ጫጩት መሐረቡን ፈታ እንቁላሉን መስታወቱ ላይ አስጠጋችው። "ይሄ ሞቷል። ስልሳ ዘጠኝ ሞተውብኛል። ዘጠና አንድ ቀርተውኛል፤ ነገና ከነገ ወዲያ እነሱም ይሞታሉ። ዘራቸው ከነሱ ሌላ የትም የለም። አሁን ስክሪኑ ስንት ይላል በይኝ እስቲ፣ ፊቴን እያየሽ።"

ልጅቷ ከኋላዋ የሚመላለሰውን ሰው በግማሽ ዓይኗ አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"ይቅርታ እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ስክሪኑ... ስንት ይላል?"

እትዬ ጫጩት ስልኩን ዘጋችው። አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ወንበር ቀየረ።

ቤቷ ገና እንደገባች በማታውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። ድምፁን ከመጀመሪያው ትንፋሽ አወቀችው፤ ያ የታፈነ አፍንጫ።

"የምሳ ሰዓቴ ነው፣ በራሴ ስልክ ነው የምደውለው" አለች ልጅቷ በጥድፊያ። "እማማ፣ ያ ዓይነት ማሽን እንዲህ ያደርጋል። እርስዎ አርባኛው ነዎት መሰለኝ። እንዳንናገር ተነግሮናል። ክዳኑን ይክፈቱት። ውስጡ ትንሽ ናስ ብሎን አለች፤ ወደ ግራ ሩብ ዙር፣ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፣ ደግሞ ሩብ ዙር። ስክሪኑን አይመኑ፣ የራስዎን መለኪያ ይመኑ።"

"ማኅተሙስ?"

"ይቅደዱት። ካልቀደዱት የሚተርፍ የለም። እኔን አላወሩኝም። እሺ? እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ።"

"የኔ ልጅ፣ አንቺን የት አውቅሻለሁ!" አለቻት እትዬ ጫጩት፣ ከልቧ ነበር።

ባሏ በማሽኑና በእሷ መሐል ቆመ። "ማኅተም እኮ ነው! ፈርመሻል!" አላት።

"ዞር በል ሰውዬ።" በኩሽና ቢላ ማኅተሙን ሸረከተችው፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታችው። ብሎኗ እንደተባለችው ነበረች፣ የአተር ፍሬ ታክላለች። ሩብ ዙር። አንድ ሰዓት። ሩብ ዙር። ፀሐይ ልትገባ ስትል አንድ እንቁላል የዓይኗ ቆብ ላይ አሳረፈች፤ መኖሩንም አላወቀችው። ስክሪኑ ሰላሳ ስድስት ይላል፤ ይበል። ባሏ ብርጭቆ ሻይ ይዞላት መጣና ከጎኗ ተቀመጠ። "ዘጠና አንድም ቢሆን ጥሩ ነው" አለ፤ ከእሱ አፍ ይሄ እንደ ይቅርታ ይቆጠራል።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የድርጅቱ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ለካ ማኅተሙ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ኖሯል፤ ሲበጠስ ለድርጅቱ ይናገራል። ዘጠኝ ጊዜ ተደውሎ፣ ደጃፋቸው ድረስ ተሄዶ ያልመጣ ሰው፣ ወረቀት ተቀደደ ሲባል ሌሊቱ እንኳ ረዝሞበት መጣ። ይሄን ስትነግረኝ አሁንም ደሟ ይፈላል፤ የኔም።

ተቆጣጣሪው የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ከኋላው ሁለት ተሸካሚዎች ነበሩ። ክዳኑን አየ፣ ብሎኗን አየ፣ በያዘው ታብሌት ፎቶ አነሳ።

"ውሉን ያውቁታል እማማ። ማሽኑ ይነሳል።"

"እንቁላሎቹስ?"

"እነሱ የእርስዎ ናቸው፤ አውጥተው ይውሰዷቸው።"

"አስራ አንድ ቀን የሆነው እንቁላል የት ላውጣው? ጉንጬ ውስጥ ላድርገው?"

ሰውየው አልሳቀም። ክፋትም አልነበረበትም፤ መጥፎ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ታንቀው ነበር። ታብሌቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና "አንድ መንገድ አለ" አላት። "ይቺን ብሎን ከእኛ ቴክኒሻን በቀር የሚያውቃት የለም። እርስዎ ደግሞ ልክ እንደ ባለሙያ ነው ያዞሯት። ይክፈቱት ያለዎት የእኛ ሠራተኛ ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እንደ ጥገና ይመዘገባል፣ ማሽኑም እዚሁ ይቆያል። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ማንም አልነገረኝም።"

"እንግዲያው ይነሳል" አለና ለተሸካሚዎቹ ምልክት ሰጠ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። አረንጓዴው ቁጥር ጠፋ። የማሽኑ ድምፅ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ።

"ቆይ!" አለች። "ሰላሳ ቁጥር ናት።"

"ያለን ሃያ ሁለት ሰው ነው እማማ።"

ሌላ ቁጥር ምላሷ ላይ መጣ፤ ዘጠኝ ልትል ነበር። ዘጠኝ ቁጥር ምን አደረገች? የሌላዋን እናት ማን ያስተዳድራል? ዋጠችው። የአክስቷን የጭድ ሣጥንና ፋኖስ አሰበች። በብርድ ልብስ ብጠቀልላቸው፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ብሞላ፣ እኔና ሰውየው እየተፈራረቅን ብንጠብቃቸው። አክስቷ እንዲህ ስታደርግ ግማሹ ይሞትባት ነበር፤ ግን ግማሹ ይተርፍ ነበር። ይሄን በደንብ ታውቃለች። ኋላ ራሷን ስትወቅስ የምትይዘው ይችኑ ነው፤ መንገድ አልነበረም ማለት አትችልም።

ተሸካሚዎቹ ማሽኑን ዘንበል አደረጉት። ከውስጥ እንቁላል ከእንቁላል ሲጋጭ ተሰማ።

"ንገሪው እንጂ!" አለ ባሏ። "ዘጠና አንድ ነፍስ ነው!"

"አስራ ሰባት" አለች።

ለራሷም የተሰማት ከወጣ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው ጻፈ፣ ታብሌቱን አዞረላት፣ በጣቷ ፈረመች። ሶኬቱ ተሰካ፣ ቁጥሩ በራ። ሰውየው ሲወጣ "ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን" አላት።

"ልጅቷን ምን ታደርጓታላችሁ?"

"እሱ የእኔ ክፍል አይደለም እማማ" አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ምንም አላጠፋም። በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ እስከ ማታ ስልሳ አራት ጫጩት ወጣ። አንገታቸው ላይ ግራጫዋ ጥላ አለች። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አንድ በአንድ በመዳፉ እየያዘ አያቸውና "ዘሩ ተረፈ እትዬ" አላት። ባሏ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት አሜን ትላለች፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የልጅቷ ቁጥር ስልኳ ውስጥ አለ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ታወጣዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ምናልባት ተግሣጽ ብቻ ሰጥተው ትተዋት ይሆናል እያለች ራሷን ታባብላለች። አንድ ቀን ድፍረቱን አግኝታ ወደ ድርጅቱ ደወለችና አስራ ሰባትን አቅርቡልኝ አለች፤ ሠራተኛ መምረጥ አይቻልም አሏት።

ጫጩቶቹ ሳምንት በሞላቸው ቀን፣ ጥራጥሬ እየፈጨችላቸው ሳለ ስልኩ ጠራ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ፤ ያኔ የደወልኩልዎ" አለች ልጅቷ። ጉንፋኑ ለቋታል፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ እንዲያውም የሕፃን ይመስላል። "ቀኑን ስቆጥር ነበር። ወጡ?"

"ወጡ ልጄ። ስልሳ አራት።"

"ስልሳ አራት!" አለች ልጅቷ፤ ከስልኩ ዞር ብላም ለሌላ ሰው "ስልሳ አራት ወጥተውላቸዋል እማዬ!" ስትል ተሰማ። አንዲት አሮጊት ከሩቅ እልል አለች። "ሳላስቸግርዎ ቶሎ ልዝጋ፤ ይሄን ለመስማት ነው። እኔማ ከሥራ ወጣሁ። የደወልኩላቸው አራት ደንበኞች ነበሩ፣ ከአራቱ አንዱ አሳልፎ ሰጠኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ለእናቴ ግን፣ እኚያ በመስታወት ያየኋቸው ሴትዮ እንዳልሆኑ በፈለግሽው እምላለሁ አልኳት። ሌሎቹን ነው የምጠረጥረው።"

እትዬ ጫጩት የጥራጥሬውን ጣሳ መሬት አስቀመጠች። ዝም ብትል ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ልጅቷ እንደወደደቻት ትኖር ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ያልሠራውን ተሸክሞ ይቀር ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምን አሉኝ?"

"አሳልፌ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ ልጄ። ማሽኑን ሊወስዱት ሲሉ ነው። ቁጥርሽን ነገርኳቸው።"

ስልኩ አልተዘጋም፤ የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማል፣ ከኋላ አሮጊቷ "ምን አሉሽ?" ስትል ይሰማል። ጫጩቶቹ እህሉን አይተው እግሯ ሥር ይንጫጫሉ። እትዬ ጫጩት ጠበቀች።

"ስልሳ አራት ነው ያሉኝ?" አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

"ስልሳ አራት።"

"ደህና" አለች፣ ስልኩም ተዘጋ።

እትዬ ጫጩት ይቅርታ ያለችው ከተዘጋ በኋላ ነው።